ድሬዳዋ ላይ መኪና በብድር፦ በወር 61,500 ብር ተብያለሁ፣ ልፈርም?

የታይዋን ነጋዴ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬ ታይዋን ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ አለኝ። ባለቤቴ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚሠራው። በየቀኑ ከሳቢያን ሰፈር ተነስቶ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ይመላለሳል። ለእሱ መንገድም ለሱቁ ዕቃም ትሆናለች ብለን አንዲት ቢዋይዲ ሲጋል የምትባል የኤሌክትሪክ መኪና አይተናል፤ ትልቁ ባትሪ ያላት፣ አዲስ። መኪና መሸጫው ውስጥ ቆማለች።

ሻጩ ያለን እንዲህ ነው። በካሽ 2,850,000 ብር፣ በብድር ከሆነ 3,000,000። በብድሩ 40 በመቶ፣ ማለትም 1,200,000 ቅድሚያ እንከፍላለን። የቀረው 1,800,000 በ4 ዓመት ይከፈላል። ወለዱ 16 በመቶ፣ የወር ክፍያው 61,500። ባንኩን የሚያመጡት እነሱ ናቸው፤ «ውል አለን፣ እናንተ መፈረም ብቻ» ነው የሚለው። በዚያ ላይ እስከ አርብ 200,000 ብር ቀብድ ካላስያዛችሁ ዶላር ስለጨመረ ዋጋው ይወጣል አለን።

ሒሳቡ ልክ ነው? ዋጋው ላይ መከራከር ይቻላል? ቀብዱንስ ልስጥ? መኪናዋ ደንገጎን ትችላለች ወይ? ሻጩ ሁሉን ነገር ለባለቤቴ ነው የሚያስረዳው። እናንተ ግን ለእኔ አስረዱኝ፤ ከፋይዋ እኔ ነኝ።

አቦ ድሬ፦

አቦ እህቴ፣ አርብ ሲደርስ «ለእናንተ ስንል እስከ ሰኞ» ይሉሻል። ሰኞ ደግሞ ሌላ ሰው ሊወስዳት ነው ይባላል። መኪናዋ ግን እዚያው ናት። ዝም ብለሽ ጠዋት ጠዋት ሂጂ። ከምሳ በኋላማ በዚህ ሙቀት ማን በደንብ ያናግርሻል?

የብድር ክፍል ሰው፦

እህቴ፣ ባንክ ብድር ክፍል ነው የምሠራው፤ የት እንደሆነ ይቅር። ካልኩሌተር ያዢና አብረን እንሂድ።

61,500 በ48 ወር ሲባዛ 2,952,000 ይመጣል። የተበደርሽው 1,800,000 ነው። ስለዚህ ወለዱ ብቻ 1,152,000 ብር ሆነ። ይሄ ቁጥር ከየት መጣ? የ1,800,000 16 በመቶ 288,000 ነው፤ በ4 ዓመት ሲባዛ ልክ 1,152,000። ሻጩ ወለዱን ያሰበው ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው በሙሉ ገንዘቡ ላይ ነው። አንቺ ግን በየወሩ ዋናውን እየከፈልሽ ነው። በአራተኛው ዓመት 300,000 ብር ብቻ ቀርቶብሽ ለ1,800,000 ወለድ ትከፍያለሽ ማለት ነው።

ያው 16 በመቶ በቀሪው ዕዳ ላይ ቢታሰብ የወር ክፍያሽ ወደ 51,000 ብር ይወርዳል። ጠቅላላ ወለዱም ወደ 650,000 ገደማ። በወር ከ10,000 ብር በላይ፣ በጠቅላላው ደግሞ ግማሽ ሚሊዮን ብር ልዩነት አለው። እሱ ያቀረበልሽ «16 በመቶ» በትክክለኛው አሠራር ሲለካ ወደ 27 በመቶ ይጠጋል። ስለዚህ «ወለዱ ስንት ነው?» ብለሽ አታቁሚ። «በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ በዋናው ላይ?» በይ። የየወሩን ዋና፣ ወለድና ቀሪ ዕዳ የሚያሳየውን የክፍያ ሰንጠረዥ አትሞ ይስጥሽ። ሰንጠረዥ የለንም ካለ ብድሩን እዚያው ተይው።

ሁለተኛው ነገር የ150,000ው ልዩነት ነው። ባንክ ሲያበድርሽ ገንዘቡን በሙሉ ለሻጩ ያስተላልፋል። ለሻጩ ያ ካሽ ነው። አንድ ወር አይጠብቅም፣ ከአንቺ ዕዳ አይሰበስብም። ታዲያ የ«ብድር ዋጋ» የሚባለው ለምንድነው? ራሱ የሚያበድርሽ ቢሆን ይገባኛል። ባንክ የሚከፍል ከሆነ ግን 2,850,000ው ነው ዋጋሽ። መጀመሪያ የመኪናዋን ዋጋ ብቻ ጨርሺ፣ ስለ ብድር አታንሺ። በዚያ ዋጋ ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት፣ አስቆርጪ። ከዚያ ፕሮፎርማውን ይዘሽ ሁለት ሦስት ባንክ ዙሪ። ከሻጩ ጋር ውል ያለው ባንክም ከነሱ አንዱ ይሁን፤ ክፋት የለውም።

የታይዋን ነጋዴ፦

እግዜር ይስጥልኝ። ሻጩ ቁጥሩን ስልኩ ላይ ደምሮ ነው ያሳየኝ፤ ወረቀት አልሰጠኝም። ባንክ ስሄድ ምን ይጠይቁኛል?

የብድር ክፍል ሰው፦

የታደሰ ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የግብር ክሊራንስ፣ የባንክ ሒሳብሽ እንቅስቃሴ፣ የጋብቻ ማስረጃ። ባለቤትሽም ይፈርማል። ብዙ የሱቅ ሰው የሚወድቀው ሒሳቡ ላይ ነው። ሽያጩን እጅ በእጅ ይዞ ባንክ ካላስገባው ገቢውን ማሳየት አይችልም። ከዛሬ ጀምረሽ የየቀኑን ሽያጭ አስገቢ።

መኪናዋ ራሷ መያዣ ትሆናለች። ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) ላይ ዕገዳ ይገባል፤ ዕዳሽን እስክትጨርሺ መሸጥ አትችይም። ሦስተኛ ወገን በሕግ የግድ ነው፤ ባንኩ ግን ሙሉ ኢንሹራንስም ይጠይቅሻል፣ በየዓመቱ። ይህን የወር ሒሳብሽ ውስጥ ክተቺው። ሰው ሁሉ የሚረሳው ይሄንን ነው። ክፍያ ካቆምሽ ደግሞ በአዋጅ 97/1990 መሠረት ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ መሸጥ ይችላል፤ ፍርድ ቤት መሄድ አይጠበቅበትም። ላስፈራራሽ አይደለም። የክረምት ገበያ ሲቀዘቅዝ 51,000 ከየት ይመጣል የሚለውን አሁን አስቢበት ለማለት ነው።

የጀጎሏ፦

እኔ ከሐረር ነኝ። ወለድ ለማትፈልጉ ሌላ መንገድ አለ፦ ሙራባሃ። ዘምዘምና ሂጅራ ከወለድ ነጻ ባንኮች ናቸው። ሌሎቹም ባንኮች ከወለድ ነጻ መስኮት አላቸው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ባንኩ መኪናውን ከሻጩ ራሱ ይገዛል። ከዚያ ትርፉን ነግሮሽ ለአንቺ በዱቤ ይሸጥልሻል። ዋጋው አንዴ ከተቆረጠ አይጨምርም፤ ብትዘገዪም ትርፉ አያድግም።

ግን ሁለት ነገር ልብ በይ። አንደኛ፣ ለሻጩ ከፍለሽ ከጨረስሽ በኋላ ሙራባሃ የሚባል ነገር የለም። ባንኩ ካልገዛው ምኑን ይሸጥልሻል? ስለዚህ ከመዋዋልሽ በፊት ባንኩ ጋ ሂጂ። ሁለተኛ፣ ትርፉም ሒሳብ ነው። «ሐላል ነው» ስለተባለ ርካሽ ነው ማለት አይደለም። ጠቅላላ የምትከፍይውን ብር ከላይ ካለው 2,952,000 ጋር አስተያዪው። እኔ ሳነጻጽር የአንዱ ባንክ ትርፍ ከሌላው በጣም ይለያይ ነበር።

ጋሽ መካኒክ፦

ልጄ፣ እኔ የድሮ ሰው ነኝ። ሐረር ላይ ፔጆ 404 ታክሲ ስንቱን ዘመን እንደሠራ አይቻለሁ፤ እጄም ጠግኗታል። ይሄ የባትሪ ነገር አይጥመኝም። በዚያ ገንዘብ ጥሩ ያገለገለ ቶዮታ ቪትዝ ገዝተሽ ተረፍ ያለውን ለሱቅሽ አታደርጊውም? ስፔር ፓርቱ በየቦታው አለ። ነገ ብትሸጪውም ገዢ አታጪም።

ደንገጎ ተመላላሽ፦

ጋሼ ያከብሩኝና አልስማማም። ነዳጅ የሚጠቀም የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ ከተከለከለ ከ2016 ወዲህ ያገለገለ ቪትዝ ዋጋው የት እንደደረሰ እርስዎም ያውቁታል። የነዳጅ ሰልፉንስ ምን እናድርገው?

እህቴ፣ እኔ በኤሌክትሪክ መኪና ድሬ–ሐረር እመላለሳለሁ። ደንገጎን በደንብ ትወጣለች፤ ጉልበት አያንሳትም። ጥያቄው ባትሪው ነው። ትልቁ ባትሪ ያላት ሲጋል 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ትይዛለች። ካታሎጉ ላይ 405 ኪሎ ሜትር የሚለው በቻይና መለኪያ ነው፤ ያንን እርሺው። ድሬ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ሐረማያ 2,000 አካባቢ። ሰው ጭነሽ ያንን 800 ሜትር ስትወጪ ለዳገቱ ብቻ ወደ 4 ኪሎዋት ሰዓት ተጨማሪ ይሄዳል፤ ከባትሪው አንድ አሥረኛ በሉት። ስትወርጂ ከፊሉን ትመልሺዋለሽ፤ እግርሽን ስታነሺ ሞተሩ እንደ ፍሬን ይይዛትና ባትሪውን ይሞላል። ኤሲውን ጨምረሽም ቢሆን ለባለቤትሽ ደርሶ መልስ ይበቃል፤ ማታ ቤት ቻርጅ ታደርጊያለሽ። የሚያሳስበኝ የድሬ ፀሐይ ነው። ጥላ ስር የምታቆሚበት ቦታ ይኑርሽ።

ጋሽ መካኒክ፦

እሺ፣ ተሸነፍኩ እንበል። እንግዲያውስ ስትረከቢ እንዴት እንደምታዪያት ልንገርሽ። አዲስ ናት የተባለች መኪና ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ስንት ጊዜ እንደቆመች ማንም አይነግርሽም፤ ጎማው ግን ይነግርሻል። በጎማው ጎን አራት ቁጥር ያለበት ትንሽ ሞላላ ማኅተም ፈልጊ። 1624 ካለ በፈረንጅ 2024 በ16ኛው ሳምንት የተሠራ ጎማ ነው። አራቱንም አንብቢ፤ ጎንበስ ብለሽ በባትሪ መብራት ካየሽው ይታያል። ከመኪናዋ የምርት ዘመን ጋር ካልገጠመ ጎማው ተቀይሯል፤ ጠይቂ። ቆይታ ከሆነ ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪም ደክማ ሊሆን ይችላል፤ እንዲቀይሩልሽ ተደራደሪበት።

የሻንሲ ቁጥሩን ከፕሮፎርማው፣ ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑና ከመኪናዋ ላይ ሦስቱንም አስተያዪ፤ አንድ ፊደል እንኳ ብትለይ አትፈርሚ። ደረሰኙም በከፈልሽው ሙሉ ዋጋ ይቆረጥ። «ዝቅ አድርገን እንጻፍልሽ» የሚል ካለ ነገ ክርክር ሲመጣ ሕግ የሚያውቅልሽ የተጻፈውን ነው።

ደንገጎ ተመላላሽ፦

ጋራንቲውንም ጠይቂ፤ ከማን ነው? ከቻይና ገበያ በቀጥታ ገዝቶ የሚያስገባ ነጋዴ ካመጣት የፋብሪካው ጋራንቲ እዚህ ላይሠራ ይችላል። ያኔ ሻጩ ራሱ በጽሑፍ ይስጥሽ፤ ባትሪው ለስንት ዓመት፣ ጥገናውስ ድሬ ነው ወይስ አዲስ አበባ? በሎቤድ (መኪና በሚጭነው መኪና) ተጭና አዲስ አበባ መሄድ ካለባት የሎቤዱን ማን ይከፍላል? የቻርጅ ሶኬቷም የቻይናው ዓይነት ከሆነ የሰው ቻርጀር ሁሉ አይገባላትም።

አቦ ድሬ፦

ወርያ፣ ይሄ ሁሉ ከመባሉ በፊት የቀብዱን ነገር ማንም አልመለሰላትም እኮ!

የብድር ክፍል ሰው፦

እውነትህን ነው። ቀብድ አደገኛ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። አንቺ 200,000 ከፍለሽ ባንኩ ብድሩን ቢከለክልሽ ውሉን የተውሽው አንቺ ነሽ ሊባል ነው።

ባንክ ደግሞ ይከለክላል። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 የብድር ዕድገት ላይ የ14 በመቶ ጣሪያ ከጣለ ወዲህ ሰነዱ የተሟላ ደንበኛ እንኳ «ተራ ጠብቅ» ሲባል አይተናል። በኋላ ጣሪያው ከፍ ቢልም ወረፋው አልጠፋም። ስለዚህ የግድ የሚከፈል ከሆነ አነስ አድርገሽ ክፈይ። ውሉ ላይም «ብድሩ ባይፈቀድ ገንዘቡ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል» የሚል መስመር ይግባ። ዋጋውም እስከዚህ ቀን አይለወጥም የሚል። ሁለቱን ከጻፈልሽ የዶላሩ ወሬ ያበቃል።

የጀጎሏ፦

ለቅድሚያ ክፍያው እቁብ የለሽም? ከነጋዴ ጋር ያለሽ እቁብ ከሆነ ሰብሳቢውን አናግረሽ ቀደም ያለ ዕጣ የደረሰው ሰው እንዲቀይርሽ ሞክሪ። ቅድሚያውን ከፍ ባደረግሽ ቁጥር የሚወለድበት ገንዘብ ያንሳል።

የታይዋን ነጋዴ፦

ጠዋት ሄጄ መጣሁ። ስለ ብድር ሳላነሳ ዋጋውን ብቻ ጠየቅሁ። 2,850,000 ነው አለ። ባንክ በዝውውር ቢከፍላችሁስ ስለው ዝም አለ፤ ከዚያ ኃላፊውን ጠራ። ኃላፊው በዚያው ዋጋ ፕሮፎርማ ቆረጠልኝ። ከዚያ በታች አልወርድም ብሏል፤ ግን የቤት ቻርጀሩን ከነመግጠሙ ጨምሮልኛል። የሰንጠረዡን ነገር ሳነሳ ሻጩ «ባንኩን ጠይቂ» አለኝ። ቀብዱን 30,000 አድርገን ሁለቱን መስመር አስገብተናል። አሁን አንድ ከወለድ ነጻ እና ሁለት ሌላ ባንክ ልጠይቅ ነው። እቁቤ ላይ ደግሞ የሚቀይረኝ ሰው አግኝቻለሁ።

ቻርጀሩ 7 ኪሎዋት ነው ይላል። ቤታችን ሳቢያን የድሮ ግቢ ነው። ችግር ይኖረዋል?

ደንገጎ ተመላላሽ፦

ከመግጠማቸው በፊት ኤሌክትሪሻን ጥሪ። 7 ኪሎዋት ወደ 32 አምፔር ይስባል፤ በድሮ ግቢ ቀጭን ገመድ ላይ ፍሪጅና ኤሲ ተጨምሮበት አይሆንም። ከቆጣሪው ቀጥታ ወፍራም ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና ኧርዝ ያስፈልገዋል። ቆጣሪው ራሱ ካልቻለ ኃይል ማሻሻያ ከመብራት ኃይል ትጠይቂያለሽ፤ እሱ ጊዜ ይወስዳል፣ አሁኑኑ አመልክቺ። እስከዚያው አብሯት በሚመጣው ተንቀሳቃሽ ቻርጀር በተራ ሶኬት ትሞያለሽ። በ2 ኪሎዋት ቢሆን ባዶ ባትሪ ሙሉ ሌሊት አይበቃውም። የሐረማያን ደርሶ መልስ ለመተካት ግን ከማታ እስከ ጠዋት ይበቃል። ኤክስቴንሽን ገመድ ግን በጭራሽ።

ጋሽ መካኒክ፦

ሶኬቱን ከአንድ ሰዓት በኋላ በእጅሽ ዳሰስ አድርጊው። ከጋለ ንቀዪና ሰው ጥሪ።