አጹጊ ለሥራ ልሄድ ነው፤ የት ልከራይ? በባቡርስ እንዴት ልዙር?

ጠያቂ (ከአዲስ አበባ)፦
ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። በፈረንጆቹ ኤፕሪል መጀመሪያ ጃፓን ሥራ እጀምራለሁ። ቦታው ካናጋዋ ክፍለ ሀገር፣ አጹጊ የምትባል ከተማ ነው፤ ከቶኪዮ በስተደቡብ ምዕራብ። ለመጀመሪያው ወር መሥሪያ ቤቱ ማረፊያ ይሰጠኛል። ከዚያ በኋላ ቤት ፈላጊው እኔ ነኝ። የመመላለሻ ወጪዬን ይከፍሉልኛል። መኪና የመግዛት ሐሳብ የለኝም።

አጹጊ ልከራይ ወይስ ቶኪዮ ሆኜ ልመላለስ? ጓደኞቼ «ዳር አገር ገብተህ እንዳትቀር» እያሉ ያስፈራሩኛል። ደግሞ ቅዳሜና እሁድ አገሩን በባቡር ማየት በጣም እፈልጋለሁ። ቱሪስቶች የሚገዙት ጄአር ፓስ (በትልቁ የባቡር ድርጅት በጄአር ባቡሮች እንደልብ የሚያሳፍረው ትኬት) ለእኔ ይሆናል? እዚያ ያላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።

የኤቢና ነዋሪ፦
እንኳን ደስ ያለህ ወንድሜ። ቶኪዮ መኖር አያስፈልግህም። ለሚመጣ ሰው ሁሉ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ከተማ ሳይሆን የባቡር መስመር ምረጥ።

የአጹጊ ዋና ጣቢያ ሆን-አጹጊ ይባላል። «አጹጊ» የሚል ሌላ ጣቢያ አለ፤ እሱ ግን ያለው ጎረቤት ከተማ ኤቢና ውስጥ ነው፣ ፈጣን ባቡርም አይቆምበትም። ቤት ስትፈልግ ሁለቱን እንዳታምታታ። በሆን-አጹጊ የሚያልፈው ኦዳክዩ የሚባለው የግል ኩባንያ ባቡር ብቻ ነው። ኤቢና ግን ከዚያ አምስት ደቂቃ ገደማ ብትርቅም ሦስት መስመር ይገናኝባታል። ኦዳክዩ ቶኪዮ ውስጥ ወዳለው ትልቁ ጣቢያ ወደ ሺንጁኩ ይወስድሃል። ሶቴጹ የሚባለው ሌላ ኩባንያ ባቡር ወደ ዮኮሃማ ይሄዳል፤ ከማርች 2023 ወዲህ ደግሞ ሺንካንሰን (እጅግ ፈጣኑ የረጅም መንገድ ባቡር) የሚቆምበት ሺን-ዮኮሃማ ድረስ ሳትቀይር የሚያደርስህ ባቡር አለው። የጄአር ሳጋሚ መስመር በደቡብ ባሕር ዳር ያለችው ቺጋሳኪ፣ በሰሜን ሃሺሞቶ ይደርሳል። የሳጋሚ ባቡር በሩ በራሱ አይከፈትም፣ ቁልፉን ተጫን። ይህን ያላወቀ ሰው በሩ ፊት ቆሞ ባቡር ያመልጠዋል።

ሌላው ጥቅም ጠዋት ነው። ሕዝቡ የሚጎርፈው ወደ ቶኪዮ ነው፤ አንተ በተቃራኒው ስለምትሄድ እንደ ሌላው ተጨናንቀህ አትጓዝም።

የማቺዳዋ፦
ስለ መስመሩ በተባለው እስማማለሁ፣ ስለ ኤቢና ግን አልስማማም። ማቺዳን እይ። በአስተዳደር ቶኪዮ ናት፤ በኦዳክዩ ፈጣን ባቡር ሆን-አጹጊ ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ዋናው ምክንያቴ ቴይኪ ነው። ቴይኪ ከቤትህ እስከ ሥራህ ጣቢያ የሚያገለግል የ1፣ የ3 ወይም የ6 ወር ትኬት ነው፤ ሱይካ ወይም ፓስሞ በሚባለው የባቡር መክፈያ ካርድህ ላይ ይጫናል። በሁለቱ መካከል ባለ ጣቢያ ሁሉ የፈለግከውን ያህል ወርደህ ትሳፈራለህ፣ እሁድም ቢሆን። ከክልሉ ካለፍክ የምትከፍለው ላለፍከው ብቻ ነው። ስለዚህ ራቅ ብሎ መኖር የቅዳሜ መንገድህን ያሳጥርልሃል። መሥሪያ ቤትህ እስከ ስንት እንደሚከፍል ግን አስቀድመህ ጠይቅ።

የቤት ነገር ደግሞ በጥንቃቄ ይሁን። ከኪራዩ ሌላ ሺኪኪን የሚባል ማስያዣ፣ ሬይኪን የሚባል የማይመለስ ክፍያ፣ የደላላና የዋስ ድርጅት ክፍያ ይጠብቅሃል። ሲደመር የብዙ ወር ኪራይ ይሆናል፤ ገንዘብ ይዘህ ና። ዩአር የሚባለው የመንግሥት ድርጅት የሚያከራያቸው ቤቶች ሬይኪንም፣ ዋስም፣ የደላላ ክፍያም የላቸውም፤ የገቢ መስፈርታቸውን ካሟላህ መጀመሪያ እነሱን ጠይቅ። ማስታወቂያ ላይ «ከጣቢያ 10 ደቂቃ» ሲሉህ 800 ሜትር ማለት ነው፤ ደቂቃው የሚሰላው በ80 ሜትር ነው። ዳገቱና መብራቱ አይቆጠርም፤ ራስህ በእግርህ ሄደህ እየው።

አድራሻህን በ14 ቀን ውስጥ ከተማ አስተዳደሩ ቢሮ አስመዝግብ። ከማረፊያው ስትለቅም እንደገና ሂድ።

ባቡር ወዳጅ፦
ጄአር ፓስ አይሆንህም። ለአጭር ጊዜ ጎብኚ ሆኖ ለገባ ሰው ነው፤ አንተ የምትገባው በሥራ ቪዛ ነው። አትዘን፣ ሌላ መንገድ አለ።

ኦዳክዩ የሃኮኔ፣ የታንዛዋ-ኦያማ፣ የኤኖሺማ-ካማኩራ ፍሪፓስ ይሸጣል፤ ፍሪፓስ በአንድ የጉብኝት አካባቢ እንደልብ የሚያሳፍር ትኬት ነው። የኤኖሺማ-ካማኩራው ኤኖደንን ይጨምራል። ኤኖደን በፉጂሳዋና በካማኩራ መካከል 10 ኪሎ ሜትር የምትጓዝ ትንሽ ባቡር ናት፤ በቤቶች መሀል ታልፍና ድንገት ባሕሩ ፊት ትወጣለች። ሃሴ ጣቢያ ወርደህ ትልቁን የካማኩራ ቡድሃ ሐውልት ታያለህ። እኔ ጃፓንን የወደድኩት በዚህ መስመር ነው።

ሩቅ ማየት ስትፈልግ ሴይሹን 18 የሚባለውን ትኬት ጠብቅ። በዓመት ሦስት ወቅት ብቻ ይሸጣል፤ ስሙ 18 ቢልም የዕድሜ ገደብ የለውም። የ3 ተከታታይ ቀን 10,000 የን፣ የ5 ቀን 12,050 የን ነው። በጄአር ተራና ፈጣን ባቡር ብቻ ይሠራል፤ ሺንካንሰን አያሳፍርም፣ ኦዳክዩም አይቀበለውም። ለዚህ ለዚህ የኤቢናው ወንድሜ ልክ ነው፤ ከኤቢና በሳጋሚ መስመር ቺጋሳኪ ትወርድና በቶካይዶ መስመር ወደ አታሚ፣ ወደ ሺዙኦካ ትቀጥላለህ።

ከሺንጁኩ ስትመለስ የባቡሩን መድረሻ አንብብ። ሳጋሚ-ኦኖ ላይ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል። ፉጂሳዋ የሚል ከሆነ እዚያ ወርደህ ኦዳዋራ ወይም ሆን-አጹጊ የሚለውን ያዝ። የመጨረሻው ባቡር ከሌሊቱ 6 ሰዓት አካባቢ ነው፤ ካመለጠህ እስከ ንጋት መጠበቅ ወይም ታክሲ ነው፣ ታክሲው ደግሞ ውድ ነው። ባቡር ዘግይቶ ሥራ ብታረፍድ ጣቢያው የመዘግየት ማረጋገጫ ወረቀት ይሰጥሃል፤ ለአለቃህ አሳይ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ልቤ ወደ ኤቢና አዘነበለ። ሁለት ነገር ልጨምር። ወገን የት ይገኛል? እናቴ ቋንጣ ላዘጋጅልህ እያለች ነው፣ ይገባል? የመጀመሪያዋን ቅዳሜስ የት ልሂድ?

የካጹሺካ ነዋሪ፦
ቋንጣውን ተው ወንድሜ። ሥጋ ያለበት ነገር ያለ ላኪው አገር የምርመራ ምስክር ወረቀት አይገባም፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። በርበሬና ሽሮ ከያዝክ ሳትደብቅ ኤርፖርት ለቁጥጥር አሳይ። ወገን በብዛት ያለው ቶኪዮ ምሥራቅ፣ ካጹሺካ ነው፤ ዮጹጊ ጣቢያ በኬይሴይ ኦሺያጌ መስመር። ከኤቢና ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል፤ በዓል ሲደርስ ግን ና፣ ብቻህን አታሳልፍ።

የኤቢና ነዋሪ፦
መጀመሪያ ኦያማ ሂድ። ኢሴሃራ ከሆን-አጹጊ ሁለተኛው ጣቢያ ነው። ከዚያ አውቶቡስ፣ ከዚያ በሱቆች መሀል የሚወጣ ደረጃ፣ ከዚያ ኬብል ባቡር እስከ አፉሪ ቤተ መቅደስ። ጫፉ 1,252 ሜትር ነው። ለአዲስ አበባ ልጅ ከፍታው ምንም አይደለም፤ ደረጃው ግን ጉልበት ይፈትናል፣ ጥሩ ጫማ አድርግ። ሰማዩ ጥርት ካለ ባሕሩ ይታያል። የመጨረሻው ኬብል ባቡር ስንት ሰዓት እንደሚወርድ ከመውጣትህ በፊት እይ።