የእናቴ ፊዚዮቴራፒ ክሊኒክ ታሸገ! ደብረ ብርሃን ውስጥ ማሽኑ ያለው ሌላ ቦታ የት ነው?

የመሐል ሜዳ ልጅ (ጠያቂ)፦ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እናቴን ወገቧን ይዟት ከአገር ቤት አምጥቼ አንድ የግል ክሊኒክ የ10 ቀን ከፍለን ነበር። አራቱን ወስዳለች። ዛሬ ጠዋት በባጃጅ ይዣት ስሄድ በሩ ላይ ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ጥበቃው «ሰውዬው የሙያ ፈቃድ የለውም ተብሎ ታሸገ» አለኝ። ስልካቸው አይነሳም። እሷ ባጃጁ ውስጥ ብረቱን ጨብጣ፣ ዓይኗን ጨፍና ነበር የምትጠብቀኝ። ተቋርጦ እንዳይብስባት ፈራሁ። ያ የሚነዝረው ማሽን ያለበት ቦታ የምታውቁ ጠቁሙኝ። ነገ ጠዋት ልወስዳት ነው።

የጣርማበር ንፋስ፦ እግዜር ይማርልህ። ወገብ ምን ማሽን ያስፈልገዋል? እኛ ሰፈር ጎበዝ ወጌሻ አለ። በቅቤ አንዴ ካሻት ትነሳለች።

ሲስተር ከእነዋሪ፦ ከመታሸታቸው በፊት ይህን መልስልኝ። ዕድሜያቸው ስንት ነው? ሕመሙ ወደ እግር ይወርዳል? ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት አለ? ሽንት መቆጣጠር አቅቷቸዋል? መቀመጫቸውና ብልታቸው አካባቢ ደንዝዟቸዋል? የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ካሉ ወይም ሁለቱም እግራቸው ከዛለ ነገን አትጠብቅ፤ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው። ላብና ትኩሳት ካለ ደግሞ የአከርካሪ ቲቢ መታየት አለበት።

ባና ለባሽ፦ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው። ባና ደርብላት፣ በሙቅ ጨርቅ ያዝላት።

የመሐል ሜዳ ልጅ፦ 58 ዓመቷ ነው። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ኩበት ልታዝል ስትነሳ ነው ቀጭ ያላት። 3 ሳምንት ሆናት። ወደ ግራ እግሯ እስከ ባቷ ይወርዳል። ትኩሳት የለም። ማሽኑ ያለበትን ብቻ ንገሩኝ።

ሕግ ይከበር፦ መታሸጉ አያስከፋህ። ፈቃድ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የቤቱ ነው፣ ሌላው የባለሙያው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የንግድ ፈቃድ ሁለቱንም አይተካም። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና አገልግሎት አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ የመጣው ይህን መስመር ለማስያዝ ነው። የሙያ ፈቃድ ደግሞ አንዴ ተሰጥቶ የሚቀር አይደለም፤ ይታደሳል፣ ለማሳደስም ተከታታይ ሥልጠና መውሰድ ይጠይቃል። ሁለት ወር ማሸት የሠለጠነ ሰው ነጭ ጋዋን ስለለበሰ ፊዚዮቴራፒስት አይሆንም። ደረሰኝህን ይዘህ ወደ ከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ሂድና አመልክት። የቀረው የስድስት ቀን ገንዘብህ ነው።

ባና ለባሽ፦ የኔታ፣ ትምህርቱ ደግ ነው፤ እናትየዋ ግን ገና ባጃጅ ውስጥ ናቸው!

የመሐል ሜዳ ልጅ፦ ደረሰኝ አልሰጡንም 😔

ፊዚዮ ነኝ፦ ጎንደር የተማርኩ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ወንድሜ፣ ማሽኑን አትፈልግ። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ ለወገብም ሆነ ወደ እግር ለሚወርድ ሕመም የሚነዝረውን ማሽን፣ በድምፅ ሞገድ የሚያክመውን አልትራሳውንድ፣ የወገብ መጎተቻውንና የወገብ ቀበቶውን አትስጡ ካለ ቆየ፤ 2016 እ.ኤ.አ. ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከ12 ሳምንት በላይ ለቆየ የወገብ ሕመም ተመሳሳይ ነገር ብሏል። የሚሠራው እንቅስቃሴና ጥሩ ምክር ነው።

የመሐል ሜዳ ልጅ፦ ሲነዝራት ግን ቀለል ይላታል እኮ። ያን ቀን እንቅልፍ ትተኛለች።

ፊዚዮ ነኝ፦ ማቅለሉን አልክድም። ሙቀቱም፣ አይዞሽ የሚል ሰው አጠገብ መኖሩም ያቀላል። ግን ማሽኑ ላይ ተኝተው ውለው ቤት ሲገቡ መልሰው ከተኙ ጀርባቸው ይዝላል። አልጋ ላይ መዋል ይቅር። በየሰዓቱ ተነስተው ግቢ ውስጥ አምስት ደቂቃ ይራመዱ። ከአልጋ ሲነሱ ቀጥ ብለው አይነሱ፤ በጎናቸው ይዙሩ፣ እግራቸውን ወደ መሬት ያውርዱ፣ በክንዳቸው ገፍተው ይቀመጡ። ሲተኙ ከጉልበታቸው ሥር ትራስ ይግባ። ኩበቱ ለጊዜው ይቅር። እንዲህ ያለው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት እየለቀቀ ይሄዳል። ሕመሙ ከባት ወደ ላይ፣ ወደ ወገብ ከተሰበሰበ ጥሩ ምልክት ነው፤ የወገቡ ሕመም ትንሽ ቢጨምርም አትደንግጥ።

የጣርማበር ንፋስ፦ ወጌሻው በቅቤ ነው የሚያሸው አልኳችሁ።

ሲስተር ከእነዋሪ፦ ወጌሻ አልንቅም፤ አያቴም ወጌሻ ነበሩ። ግን በቀርከሃ ተጠብቆ የታሰረ የሕፃን እጅ ጠቁሮ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። የመሐል ሜዳ ልጅ፣ የሽንቱን ነገር ዘለልከው። አውቃለሁ፣ እናትን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ያሳፍራል። ሚስትህ ትጠይቃቸው። አሁን!

የመሐል ሜዳ ልጅ፦ ጠየቀቻት። ሽንቱም መቀመጫዋም ሰላም ነው። የግራ እግሯ ውጭ ጠርዝ፣ በትንሿ ጣት በኩል ይደነዝዘኛል አለች። ለእኔ ነግራኝ አታውቅም።

ፊዚዮ ነኝ፦ እሱ ከአንዱ ነርቭ መቆንጠጥ የሚመጣ ነው፤ ለሐኪሙ በግልጽ ንገር። ነገ መንግሥት ሆስፒታል ውሰዳቸውና «ፊዚዮቴራፒ ክፍል አላችሁ?» በል። የእግራቸውን ጥንካሬና የደነዘዘውን ቦታ ሳይፈትሽ፣ ቤት የሚሠሩትን ሳያስተምር በቀጥታ ማሽን ላይ የሚያስተኛ ካጋጠመህ ተነስተህ ውጣ። ተረከዛቸውን አንስተው በግራ እግር ጣታቸው መቆም ካልቻሉ ወይም እግራቸው መሬት እየጎተተ ከሄደ ቀጠሮ አትጠብቅ።

ባና ለባሽ፦ ሙቅ ጨርቁንም አትርሳ።

ሲስተር ከእነዋሪ (ከ4 ቀን በኋላ)፦ የመሐል ሜዳ ልጅ፣ እናትህ እንዴት ሆኑ? በጣታቸው ቆሙ?