ሁለት ዶሜይን ስም አንድ መሆናቸውን እንዴት ነው የማወዳድረው?

ሰላም፣ ሁለት ቀን ሙሉ እዚህ ጋር ቆሜ ቀረሁ። በፓይተን ትንሽ ፕሮክሲ (ሪኩዌስት ተቀብሎ ወደ ሌላ ሰርቨር የሚያስተላልፍ ፕሮግራም) እየሰራሁ ነው፣ ሪኩዌስት ሲመጣ ሆስቱን (የተጠየቀውን ዶሜይን) ከተፈቀዱት ዶሜይኖች ጋር አወዳድራለሁ። ዲኤንኤስ (ዶሜይን ስምን ወደ አይፒ አድራሻ የሚቀይረው ሲስተም) ለትልቅና ትንሽ ፊደል ግድ ስለሌለው ሁሉንም ሎወርኬዝ አደረኩ፣ መጨረሻ ላይ የምትመጣውን የሩት ነጥብም ቆረጥኳት። ሰብዶሜይን ልፍቀድ ብዬ ኤንድስዊዝን (ስሙ በምን እንደሚያልቅ ብቻ የሚያየውን የፓይተን ትዕዛዝ) ስጠቀም ግን ጉድ ፈላ፣ ኤግዛምፕል ዶት ኮምን ብቻ ፈቅጄ ኖትኤግዛምፕል ዶት ኮም ሰተት ብሎ ገባ! አሁን በነጥብ ከፋፍዬ ከኋላ ጀምሬ ሌብል በሌብል (በነጥብ የተለየውን እያንዳንዱን ክፍል) ነው የማወዳድረው፣ ይሄ እንኳን ሰራ።

የቸገረኝ አስኪ ያልሆኑት (ከተራ የእንግሊዝኛ ፊደል ውጪ ያለባቸው) ስሞች ናቸው፣ አንዴ በዩኒኮድ፣ ማለትም በራሳቸው ፊደል፣ አንዴ በፑኒኮድ፣ ማለትም ወደ አስኪ ተቀይረው ይመጣሉ። ሁሉንም ወደ ፑኒኮድ ልቀይር ወይስ በተቃራኒው? የፓይተን የራሱ አይዲኤንኤ (እንዲህ ያሉትን ስሞች የሚቀይረው) ደግሞ የድሮውን የ2003 ህግ ነው የሚከተለው፣ የጀርመኗን ኤስዜት (ß) ወደ ሁለት ኤስ ይቀይርብኛል፣ በ2008ቱ ግን የተለያዩ ስሞች ናቸው። የሰራበት ካለ በናታችሁ!