ትምህርት ቤታችን ከሌላ ጋር ሲዋሃድ የቀድሞ አገልግሎቴ ይጠበቅልኛል?

በአዲስ አበባ በአንድ የግል ትምህርት ቤት በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ እያገለገልኩ ሲሆን፣ ትምህርት ቤቱ ከሌላ ጋር በመዋሃዱ አዲሱ አስተዳደር አዲስ ውል እንድንፈርም ጠይቆናል። ውሉ የ60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ያለው ሲሆን፣ «የቅጥር ዘመን» በሚለው ቦታ የተሞላው የዘንድሮው መስከረም ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 23 ግን የድርጅት መቀላቀል የሥራ ውልን እንደማያቋርጥ ይደነግጋል። የሰው ኃይል ኃላፊው (ጨዋ ሰው መሆናቸውን አልክድም) «ለፎርማሊቲ ነው» ከማለት በቀር በጽሑፍ የሚሰጡን ነገር የለም። የዓመት ፈቃድም ሆነ የሥራ ስንብት ክፍያ የሚሰላው በአገልግሎት ዘመን በመሆኑ ነገሩ ቀላል አይደለም። ከፊርማዬ በላይ «የቀድሞ አገልግሎቴ እንደተጠበቀ ሆኖ» ብዬ ብጽፍበት በሕግ ፊት ዋጋ ይኖረዋል? ወይስ ሳልፈርም በቅድሚያ አቤቱታ ማቅረብ ይሻለኛል? ተመሳሳይ ጉዳይ የገጠማችሁ ወይም የሕግ ባለሙያዎች የሆናችሁ ብትመክሩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።