ከታወቁት የካንትሪ ዘፋኞች አልፎ ለማድመጥ ከየት ይጀመራል?

ጥያቄ፦ የአሌክሳንድሪያው አድማጭ

አዲስ አበባ ያደግን ብዙዎች ካንትሪን የተዋወቅነው በጂም ሪቭስ፣ በኬኒ ሮጀርስ፣ በዶሊ ፓርተንና በዶን ዊልያምስ ካሴቶች ነው። እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ዶን ዊልያምስን ሲሆን፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ አንድ ሙሉ ታሪክ የሚያወጋበት መንገድ እስከ ዛሬ አልሰለቸኝም። አሁን የምኖረው ቨርጂኒያ ውስጥ ነው፤ ይሁንና እዚህ በመኪናዬ ሬዲዮ የማገኘው ካንትሪ ያ የተረጋጋ የትረካ ጠባይ የለውም፤ የሙዚቃ መተግበሪያዎቹም የማውቃቸውን ስሞች መልሰው መላልሰው ያቀርቡልኛል። የካንትሪ ማዕከል ከሆነችው ከናሽቪል ትልልቅ አሳታሚዎች ውጭ የቆዩትን ዘፋኞች፣ እንዲሁም ካንትሪ የበቀለባቸውን የጥንት የገጠር ዘፈኖች በሥርዓት ማድመጥ እፈልጋለሁና፣ በዚህ መንገድ የሄዳችሁ ከየት ብጀምር ይሻላል ትላላችሁ? ስም ብቻ ሳይሆን ለምን እንደመረጣችሁትም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ግጥም ወዳድ

ሩቅ መሄድ አያስፈልግዎትም፤ መንገዱን ዶን ዊልያምስ ራሱ ያሳይዎታል። እ.ኤ.አ. በ1981 ከኤሚሉ ሃሪስ ጋር የተጫወተውን «ኢፍ አይ ኒድድ ዩ» የተባለውን ዘፈን ሳያውቁት አይቀሩም። ግጥምና ዜማው የቴክሳሱ የታውንስ ቫን ዛንት ሲሆን፣ እሱ ራሱ በ1972 ባወጣው አልበም ውስጥ ይገኛል። በዚያው አልበም ያለ ሌላ ዘፈኑን ዊሊ ኔልሰንና መርል ሃጋርድ በ1983 ተጫውተውት በካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጥቷል። ደራሲው ግን በ1997 የዘመን መለወጫ ዕለት እስከሞተበት ጊዜ ድረስ ከሙዚቃ ወዳጆች ክበብ ውጭ እምብዛም አይታወቅም ነበር።

በ1973 ሂዩስተን ውስጥ ኦልድ ኳርተር በተባለች ጠባብ መጠጥ ቤት ሲጫወት የተቀዳውን ያድምጡ። አንድ ጊታርና አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ቃላቱን የሚሸፍን ነገር የለም፤ ይህም እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለተማርን ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ከእሱ ወደ ጓደኛው ወደ ጋይ ክላርክ ይለፉ። ጋይ ክላርክ ጊታር በእጁ የሚሠራ ሰው ነበር፤ በአባቱ ቢላዋ በኩል ስለ አባቱ ሞት የተረከበትን ዘፈን የሚስተካከል በካንትሪ ውስጥ ብዙ አላገኘሁም። እንግዲህ የሚወዱትን ዘፈን ሁሉ ማን እንደደረሰው እየጠየቁ ይሂዱ።

መልስ፦ ባለ አምስት ክር

የቀደመው አስተያየት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በደራሲዎቹ መንገድ የሄደ ሰው ሰባዎቹ ቴክሳስ ላይ ይቆማል እንጂ ሥሩ ዘንድ አይደርስም። ሥሩን ለሚፈልግ እኔ የማስቀድመው ኤልዛቤት ኮተንን ነው። በ1893 በሰሜን ካሮላይና የተወለዱት እኚህ ጥቁር አሜሪካዊት ግራኝ ስለነበሩ፣ ለቀኝ እጅ የተወጠረውን ጊታር ገልብጠው እየያዙ ዜማውን በአውራ ጣታቸው፣ ወፍራሞቹን ክሮች ደግሞ በሌሎቹ ጣቶቻቸው ይመቱ ነበር። ትዳርና ሥራ ጊታሩን ለብዙ ዓመታት አስተዋቸው። በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ በአንድ ትልቅ መደብር ሲሠሩ አንዲት የጠፋች ሕፃን አግኝተው ለእናቷ መለሱ፤ ሕፃኗ በኋላ ዘፋኝ የሆነችው ፔጊ ሲገር ነበረች። በሙዚቃ አዋቂነቱ በታወቀው በዚያ ቤተሰብ ውስጥ በቤት ሠራተኛነት ሲቀጠሩ፣ እዚያ የነበረውን ጊታር አንሥተው እንደገና ጀመሩ። የፔጊ ወንድም ማይክ የቀዳቸው አልበም በ1958 ፎክዌይስ በተባለው የሙዚቃ አሳታሚ ታተመ፤ የግራሚ ሽልማት ያገኙትም ዕድሜያቸው ዘጠናን ካለፈ በኋላ ነው።

ቀጥሎ ጆ ቶምሰንን ያድምጡ። ብዙ ሰው የነጮች የተራራ ሙዚቃ ምልክት አድርጎ የሚያየው ባንጆ የተባለው ባለ ክር መሣሪያ፣ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ከቅልና ከቆዳ ይሠሯቸው ከነበሩ መሣሪያዎች የወረደ ነው። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በሜበን አካባቢ ይኖሩ የነበሩት ጆ ቶምሰን ቫዮሊኑን ከአባታቸው ተምረው ይህን የጥቁሮች የባለ ክር መሣሪያዎች ባንድ ወግ ይዘው ከቆዩ ጥቂት አረጋውያን አንዱ ነበሩ። በ2005 የተመሠረተው ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ የተባለው ቡድን አባላት ቤታቸው እየሄዱ ከእሳቸው ተምረዋል፤ ዘፋኟ ሪያነን ጊደንስም ከዚያው ቡድን የወጣች ናት። ቡድኑ በ2010 ባወጣው አልበም ጀምረው ወደ ኋላ ወደ መምህራቸው ቢሄዱ የቫዮሊኑ ቀስት አመታት ከየት እንደመጣ በጆሮዎ ይለዩታል።

መልስ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

የምትኖሩበት አካባቢ ራሱ ሀብት መሆኑን ልጨምር። የብሉዝ ዘፋኙና ጊታር ተጫዋቹ ሚሲሲፒ ጆን ኸርት በ1928 ሸክላ ቀድተው ብዙ ስላልተሸጠላቸው ወደ እርሻቸው ተመልሰው ነበር። ሃሪ ስሚዝ በ1952 ባዘጋጀው የሰማንያ አራት የጥንት ሸክላ ቅጂዎች ስብስብ ውስጥ ሁለት ዘፈኖቻቸው ሲካተቱ፣ በሕይወት መኖራቸውን የሚያውቅ አድማጭ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1963 ቶም ሆስኪንስ የተባለ ወጣት በዘፈናቸው ውስጥ የትውልድ ቦታቸው አድርገው የጠሯትን አቫሎንን ፈልጎ ሲሄድ እዚያው አገኛቸው። ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን መጥተው ኖሩ፤ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም ተቀዱ፤ በ1966 እስኪያርፉ ድረስ የሰጡት ሁሉ ከፍ ያለ ዋጋ አለው። የስሚዝን ስብስብ ግን መነሻ አድርጋችሁ አትያዙት፤ የጥንቱ ሸክላ ጩኸት ጆሮ ላልለመደው ያታክታልና በኋላ ቢመለሱበት ይሻላል።

ዘፋኟን ሄዘል ዲከንስንም አደራ። ከዌስት ቨርጂኒያ የከሰል ማዕድን ሠፈር ወጥታ ባልቲሞር በፋብሪካ ሠርታለች፤ በሳንባ በሽታ ለሞተው ለማዕድን ሠራተኛ ወንድሟ የዘፈነችው እንጉርጉሮ ልብ ይሰብራል። ከአሊስ ጄራርድ ጋር በስልሳዎቹ ለፎክዌይስ የቀዱት ደግሞ ሁለት ሴቶች ብሉግራስን (በባንጆና በቫዮሊን የሚጫወቱትን የካንትሪ ዘመድ ሙዚቃ) ፊት ሆነው የመሩበት ሥራ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ሙዚየሞች ተቋም የሆነው ስሚዝሶንያን ከ1987 ጀምሮ የፎክዌይስ ባለቤት ሲሆን፣ የአልበሞቹን ማብራሪያ ጽሑፍ ከድረ ገጹ በነጻ ማውረድ ይቻላል። ብዙ ጊዜ ግጥሙና የዘፋኙ ታሪክ አብሮ ስለሚገኝበት፣ እያነበቡ ማድመጡን አጥብቄ እመክራለሁ። እርስዎ ባሉበት በአሌክሳንድሪያ ደግሞ በርችሚር የተባለው አዳራሽ አለ፤ ሰልደም ሲን የተባለው የብሉግራስ ቡድን ለብዙ ዓመታት በየሳምንቱ ሐሙስ ይጫወት የነበረው እዚያ ነው።

የአሌክሳንድሪያው አድማጭ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የ1981ዱን ቅጂና የ1972ቱን ጎን ለጎን አደመጥኳቸው፤ ዶን ዊልያምስ ያለሰለሰው ቦታ ቫን ዛንት ዘንድ ሻካራ ነው፤ ሁለቱንም ወደድኳቸው። አሁን ወደ ኤልዛቤት ኮተን ልለፍ። በእንግሊዝኛ ያልተዘፈነስ በዚህ ውስጥ ይገባል?

ባለ አምስት ክር

እንዴታ፤ ሉዊዚያናን እንዳይዘልሉ። ጥቁሩ አኮርዲዮን ተጫዋች አሜዴ አርድዋን በፈረንሳይኛ እየዘፈነ፣ ነጩ ዴኒስ ማክጊ በቫዮሊን እያጀበው ከ1929 ጀምሮ የቀዷቸው ሸክላዎች አሉ፤ ቃሉን ባይሰሙም ሐዘኑ አይጠፋዎትም።