ጥቆማ፦ ለሚጮህ የላፕቶፕ ፋን ኩሊንግ ፓድ፣ ጥገና ቤት ወይስ ራስን መቻል?

ጠያቂ፦
ሰላም ሰዎች፣ እስቲ ጠቁሙኝ። አራት ዓመት የሰራሁበት ላፕቶፕ አለኝ፣ ከሁለት ወር ወዲህ የፋኑ ጩኸት ከልክ አለፈ፣ ማታ ስሰራ ባሌን ከእንቅልፉ ይቀሰቅሰዋል። ሦስት ነገር ነው የታየኝ፣ ኩሊንግ ፓድ (ላፕቶፑ ስር የሚቀመጥ ባለ ፋን ማቀዝቀዣ) መግዛት፣ ጥገና ቤት መስጠት ወይ ራሴ ከፍቼ ማፅዳት። የሞከራችሁ የትኛው ይሻላል? ከፍቼ አላውቅም ግን ካቻቪቴ መያዝ አያስፈራኝም።

መልስ 1፦
እህቴ ኩሊንግ ፓዱን ለጊዜው ተይው። እኔ በሱ ነው የጀመርኩት፣ አንድ የሚጮህ ፋን ነበረኝ ሁለት ጨመርኩበትና ሦስት ሆኑ፣ ቆይቼ ሳየው ደሞ የኔ ላፕቶፕ አየር የሚስበው በኪቦርዱ በኩል ነው ለካ፣ ስሩ ድፍን ነው፣ ፓዱ የሚነፋው ፕላስቲክ ላይ ነበር። ስሩ ላይ የአየር ቀዳዳ ላለው ላፕቶፕ ትንሽ ይረዳል፣ እሱም ቢሆን ኋላውን በሁለት ጠርሙስ ክዳን ከፍ ብታደርጊው የሚቀራረብ ውጤት ታገኛለሽ። አልጋና ትራስ ላይ አድርገሽ የምትሰሪ ከሆነ ግን መጀመሪያ እሱን ተይ፣ ቀዳዳውን ጨርቅ ደፍኖት ፋኑ ባይጮህ ነው የሚገርመው።

አሁን ጆሮሽን ስጪው፣ ምን አይነት ድምፅ ነው? ሽሽሽ የሚል የነፋስ ድምፅ ከሆነ ፋኑ ጤነኛ ነው፣ ሙቀት ስላለ እየተሯሯጠ ነው እንጂ። ግርርር እያለ እንደ ወፍጮ ከሆነ፣ በተለይ ላፕቶፑን ዘንበል ስታደርጊው ድምፁ ከተለወጠ፣ ኩሽኔታው እያለቀ ነው፣ እሱን ማፅዳትም ሶፍትዌርም አይመልሰውም። ቀጭ ቀጭ ካለ የፋኑ ክንፍ የሆነ ነገር እየመታ ነው፣ ከቦታው የወጣ ገመድ ሊሆን ይችላል። ግን ላፕቶፑ የድሮው አይነት ሃርድ ዲስክ ካለው ቀጭ ቀጩ የዲስኩም ሊሆን ይችላል፣ የዛን ጊዜ ፋኑን እርሺውና ፋይልሽን ዛሬውኑ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጊ። እንደ ቢምቢ ቀጭን ጢዝዝ የሚል፣ ገፅ ስክሮል ስታደርጊ የሚለዋወጥ ድምፅ ደሞ ጭራሽ ፋን አይደለም፣ ኮይል ዋይን ነው የሚባለው፣ ቦርዱ ላይ ካሉት ጥቅልሎች የሚመጣ፣ ጉዳት የለውም፣ ፋን ቀይረሽም አይጠፋም።

ሽሽሽ ነው እንበል፣ ብዙ ጊዜ እሱ ስለሆነ። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫኝና ታስክ ማናጀርን ክፈቺ፣ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ ማለት ነው፣ ስሌቱን የሚሰራው ዋናው ቺፕ) የሚለውን ንኪው ብዙ የሚበላው ከላይ ይመጣል። ምንም ሳትሰሪ 30 እና 40 ፐርሰንት ላይ ከተቀመጠ ጥፋተኛው እዛው ተፅፎልሻል፣ ስካን የሚያደርግ አንቲቫይረስ፣ ከጀርባ የሚወርድ የዊንዶውስ አፕዴት፣ ወይ ስልሳ ታብ የተከፈተበት ብሮውዘር (አዎ እኔም)። አፕዴት ከሆነ አትዝጊው፣ ሰክቶ መተው ነው፣ ሲጨርስ ፀጥ ይላል። ማክ ያላችሁ አክቲቪቲ ሞኒተር ላይ ከርነል ታስክ የሚባለው ከፍ ብሎ ካያችሁት እሱ ላይ አትድረሱበት፣ ሲስተሙ ራሱ ሲፒዩውን ለማቀዝቀዝ የሚጠቀምበት ነው።

ሙቀቱን ለማየት ኮር ቴምፕ ወይ ኤችደብሊውኢንፎ የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ኮር ቴምፕ ለጀማሪ ይሻላል፣ ሌላኛው የቁጥር ብዛቱ ራስ ያዞራል ግን የፋኑን ፍጥነትም በብዙ ላፕቶፕ ላይ ያሳያል። ምንም ሳትሰሪ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ደህና ነው፣ ከባድ ስራ ላይ 80ዎቹ ውስጥ መግባቱም ያለ ነው፣ 95 እና 100 ጋ ሲደርስ ግን አብዛኛው ፕሮሰሰር ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ላፕቶፔ ፋኑም ይጮሃል ይንቀራፈፋልም የምትሉት ሁሉ ይሄ ነው።

አንድ ነፃ ነገር ደሞ፣ ፓወር ኦፕሽን ውስጥ ማክሲመም ፕሮሰሰር ስቴት የሚለውን ከ100 ወደ 99 አውርጂው። በብዙ ላፕቶፕ ላይ ይቺ አንድ ቁጥር ቱርቦ ቡስትን (ፕሮሰሰሩ ከመደበኛ ፍጥነቱ በላይ የሚሮጥበትን) ታጠፋዋለች፣ ሙቀቱም ጩኸቱም ወዲያው ነው የሚወርደው። ቪዲዮ ኤዲት ስታደርጊ መዘግየቱን ታይዋለሽ፣ ለመፃፍና ለማንበብ ግን ምንም አይታወቅሽም። አንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ይሄ ሴቲንግ ተደብቋል፣ የዛን ጊዜ የአምራቹን አፕ ፈልጊ፣ ሌኖቮ ቫንቴጅ ወይ ማይ አሱስ፣ ውስጡ ፀጥታ ሞድ አለው። ኤችፒ ከሆነ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ በፊት የሚከፈተው ሴቲንግ) ውስጥ ፋን ኦልዌይስ ኦን የሚል ምርጫ ያላቸው ሞዴሎች አሉ፣ እሱ በርቶ ከሆነ ቻርጀር ላይ እያለ ፋኑ መቼም አይቆምም።

ይሄ ሁሉ ካልሰራ አራት ዓመት ያልተከፈተ ላፕቶፕ አቧራ ነው በቃ። ክፈቺው እላለሁ።

መልስ 2፦
ጥገና ላይ ነው የምሰራው፣ ከላይ ባለው እስማማለሁ፣ ስለመክፈቱ ልጨምር።

አጥፍተሽ ቻርጀሩን ንቀይ፣ የስሩን ክዳን እንዳነሳሽ መጀመሪያ የባትሪውን ሶኬት ነው የምትነቅይው፣ ሌላ ምንም ሳትነኪ። ብሎኖቹ ቁመታቸው ስለሚለያይ ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ቅርፅ ሳዪና በየቦታቸው አስቀምጫቸው፣ ረጅሙን የአጭሩ ቦታ አስገብቶ ቦርድ የሰነጠቀ ሰው አይቻለሁ። አቧራው ክንፉ ላይ አይደለም ያለው፣ ሰው እሱን ጠርጎ ይዘጋዋል፣ ዋናው በፋኑና በመዳብ ቱቦው ጫፍ ባሉት ቀጫጭን ፍርግርጎች መሃል እንደ ብርድ ልብስ የተነጠፈው ነው። የታመቀ አየር ጣሳ ካለሽ ቀጥ አድርገሽ ያዢው፣ ከዘነበለ ፈሳሹ ይወጣል። አጠር አጠር አድርገሽ ንፊ፣ ሁልጊዜም ክንፉን በስቴኪኒ ይዘሽ፣ አየሩ በራሱ እያሽከረከረው ከፍጥነቱ ካለፈ ኩሽኔታውን ያበላሸዋል። ቫኪዩም ክሊነር አይሆንም፣ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ጎማ የሚነፉበት ኮምፕሬሰርም ይቅር፣ ግፊቱ ከባድ ነው ውሃም ይተፋል። ጣሳ ከሌለ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይበቃል፣ ጊዜ ይወስዳል እንጂ።

ተርማል ፔስቱን (በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መሃል ያለውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) መቀየር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚከፍት ሰው አልመክርም። አፅድተሽ ሙቀቱ ካልወረደ ብቻ ነው እሱ የሚመጣው። ከወሰንሽ አርክቲክ ኤምኤክስ 4 እና ኖክቱዋ ኤንቲ ኤች 1 ለመቀባት ይቀላሉ፣ ኤሌክትሪክ አያስተላልፉም፣ ትንሽ ብታፈሺም አትደንግጪ። ተርማል ግሪዝሊ ክራዮናውት ሲቀባ በጣም ጥሩ ነው፣ ላፕቶፕ ላይ ግን ቶሎ እየደረቀ ሲመለስብኝ ስላየሁ እኔ አልወደውም። ሃኒዌል ፒቲኤም 7950 የሚባለው ደሞ ፔስት ሳይሆን ስስ ወረቀት ነገር ነው፣ 45 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልስና ቦታውን ይይዛል፣ እንደ ፔስት ተገፍቶ አይወጣም፣ ለላፕቶፕ የኔ ምርጫ እሱ ነው፣ አስመስሎ የተሰራው ስላለ ግን ከየትም አትግዢው። ሊኩዊድ ሜታል (በፔስት ፈንታ የሚቀባ ፈሳሽ ብረት) የሚሏችሁን አትስሙ፣ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ውስጡ ያለው ጋሊየም አሉሚኒየም ይበላል። የድሮውን በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጊ፣ አዲሱ የስንዴ ፍሬ የሚያክል ይበቃል። ሜሞሪ ቺፖቹ ላይ ያሉትን ለስላሳ ፓዶች ግን እንዳሉ ተያቸው፣ እዛ ያለውን ክፍተት ፔስት አይሞላውም።

ጥገና ቤት ከመረጥሽ ስለ ጥገናው ሳትስማሚ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቂ፣ ሂትሲንኩን (የመዳብ ቱቦውንና ፍርግርጉን) ታነሱታላችሁ ወይስ በውጭ ነፍታችሁ ነው የምትመልሱት? ፔስቱስ ምን አይነት ነው? የሚንተባተብ ከሆነ ውሰጂና ሂጂ። ፋን ቀየርኩ ካለሽ አሮጌውን ይስጥሽ። ዋስትናው ያላለቀ ላፕቶፕ ከሆነ ግን ዋናው ወኪል ጋ ብቻ ነው፣ ይዘገያሉ፣ ቢሆንም ዕቃው ኦርጅናል ነው። እኔ ጥገና ላይ ሆኜ ልንገርሽ፣ አቧራ ብቻ ከሆነ ለኛ አትክፈዪ።

መልስ 3፦
ግርርር ለሚለው ፋን ዘይት ጠብ አድርጉበት ሲባል ትሰማላችሁ። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ለጥቂት ሳምንት ፀጥ ያሰኘዋል፣ ከዛ ይመለሳል፣ እኔ ሁለቴ አድርጌ ሦስተኛው ላይ ቀየርኩት። ደብሊው ዲ 40 ግን አታድርጉ፣ ሲደርቅ ከበፊቱ ይብሳል። ፋን ስትገዙ በላፕቶፑ ስም ሳይሆን ፋኑ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ፈልጉ፣ ስሙ አንድ ሆኖ የሶኬቱ ሽቦ የሚለያይ አለ። ሁለት ፋን ላላቸው ደሞ የግራና የቀኙ አንድ አይደለም።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ቅዳሜ ከፈትኩት። ሽሽሽ ነበር የሚለው፣ 99 ማድረጉ ግማሹን ቀነሰልኝ፣ የቀረውን አቧራው ነው የሰራው፣ ያ ብርድ ልብስ ያላችሁት እውነት እንደ ጨርቅ ተጠቅልሎ ነው የወጣው፣ ፎቶ አንስቼ ለባሌ አሳየሁት። ፔስቱን አልነካሁም። ምንም ሳልሰራ 62 የነበረው 47 ሆኗል። አንድ ጥያቄ ብቻ፣ ወረቀት ላይ ሁሉን አስቀምጬ ነበር ግን አንድ አጭር ብሎን ተረፈኝ፣ ክዳኑ ደሞ በደንብ ነው የገጠመው።

መልስ 2፦
ከስር ያሉትን የላስቲክ እግሮች አንሺና እያቸው፣ አንደኛው ስር ነው የሚሆነው።

ጠያቂ፦
ኧረ ተገኘ 😂