«ለስላሳ» የተባለ የፒፓ ትምባሆ ምላስ የሚፋጀው ለምንድን ነው?

ቦኩ (አዳማ)
ሰላም ለቤቱ። አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ቆርቆሮ የፒፓ ትምባሆ አሉኝ፤ እያንዳንዳቸው 50 ግራም፣ በቀጭኑ የተከተፉ። ክዳኑ ላይ «ለስላሳ» ይላል። ውስጡ ቨርጂኒያ፣ በርሊና ጥቁር ካቨንዲሽ የተባሉ ትምባሆዎች ቅልቅል ነው፤ ሽታው ቫኒላ ቫኒላ ይላል። አንደኛው ገና አሁን የተከፈተ ነው፤ ሲጨስ ፒፓው ሥር እንደ ሽሮ ይንተከተካል፣ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ይጠፋል። ሁለተኛው ከተከፈተ ወራት ሆኖታል፤ በጣት ሲነካ ይንኮሻኮሻል፣ ሲለኮስ እንደ ገለባ ቦግ ብሎ ያልቃል። የሚገርመው ሁለቱም ምላስ ይፋጃሉ። በዚያ ላይ ስቅታ።

ለስላሳ ሲሉ ምን ማለታቸው ነው? ጥፋቱ የትምባሆው ነው ወይስ የአያያዙ? የደረቀውስ ይድናል ወይስ ይጣል? ፒፓው ብራየር ከሚባለው እንጨት የተሠራ ነው፣ ማጣሪያ የለውም።

አሞራ_ገደል (ሐዋሳ)
«ለስላሳ» የሚለው ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ጆንያ ውስጥ ይከታል። አንዱ የኒኮቲኑ ማነስ ነው፤ ሁለተኛው የጣዕሙ ቀላልነት፤ ሦስተኛው ምላስና ጉሮሮ አለመቆንጠጡ። አብረው የሚሄዱ ይመስላሉ እንጂ አይሄዱም።

ላታኪያን እንውሰድ። የእርጎ ቅል በወይራ እንደሚታጠን በእንጨት ጭስ የታጠነ ቅጠል ነው። ሽታው ከሩቅ ሰው ያስደነግጣል፤ ኒኮቲኑ ግን ዝቅተኛ ነው፣ ምላስንም እምብዛም አይነካም። በርሊ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ጣዕሙ እንደተቆላ ለውዝ ልዝብ ያለ፣ ኒኮቲኑ ግን ጠንካራ። ቨርጂኒያ ደግሞ ይጣፍጣል፣ የድርቆሽና የትኩስ ዳቦ ጠረን አለው፤ ምላስ በመፋጀት ግን ቀዳሚው እሱ ነው።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዘሩ ብቻ ሳይሆን ከአደራረቁም ነው። ቨርጂኒያ በሚሞቅ ጎተራ ውስጥ በሳምንት ገደማ ይደርቃል። ሙቀቱ ቀስ በቀስ ወደ 70 ዲግሪ ሲደርስ ቅጠሉ ስኳሩን ሳይጨርስ ይሞታል፤ ስኳሩ እዚያው ይቀራል። በርሊ ግን ጥላ ሥር ተንጠልጥሎ በነፋስ ብቻ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ስለሚቆይ ስኳሩን ራሱ በልቶ ይጨርሰዋል። ስኳር የበዛበት ቅጠል ጭሱ ወደ አሲድነት ያደላል፣ ሲቸኩሉበትም ክፉኛ ይግላል። (ለስላሳ የምንለው መጠጥም እኮ ስኳር ነው፤ እዚህም ጉዱ ያለው ስኳሩ ላይ ነው።) የበርሊ ጭስ ወደ አልካላይነት ያደላል፤ እንዲህ ባለ ጭስ ውስጥ ያለ ኒኮቲን ወደ ሳንባ ባይሳብም በአፍ ውስጠኛ ቆዳ በኩል በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። ስቅታህ ከኒኮቲኑ ነው፤ በቅልቅልህ ውስጥ ደግሞ ኒኮቲኑን በዋናነት የሚያመጣው በርሊው ነው። ስቅታ የመጀመሪያው ደወል ነው፤ ካልቆምክ ላብና ማቅለሽለሽ ይከተላል። ባዶ ሆድ ከሆነማ ቶሎ ይመጣል።

ጥቁር ካቨንዲሽ የቅጠል ዘር አይደለም፣ የአሠራር ስም ነው። ቅጠሉ በእንፋሎት ይበስላል፣ ይጫናል፣ ይጠቁራል፤ ቆንጣጭነቱ ይሞትና የተጨመረበትን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። ኦሪየንታል በፀሐይ የሚደርቅ፣ ቅጠሉ ትንንሽ የሆነ የቱርክና የግሪክ አካባቢ ትምባሆ ነው፤ ኒኮቲኑ ትንሽ፣ ጠረኑ ብዙ። ፔሪክ ደግሞ ከሉዊዚያና ነው። በርሜል ውስጥ ተጭኖ በራሱ ጭማቂ ዓመትና ከዚያ በላይ ይብላላል፤ ነገረ ሥራው ከቆጮ ጋር ይመሳሰላል። ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ስለሚል ለስላሳ በሚባል ቅልቅል ውስጥ ከመቶ 5 እጁን ካለፈ ይበዛል።

እንደኔ ሚዛን በሦስቱም መንገድ ለስላሳ የሚባል ቅልቅል ይህን ይመስላል፦ ግማሹ በደንብ የበሰለና የቆየ ቀይ ቨርጂኒያ፣ ሩቡ ሽታ ያልተጨመረበት ካቨንዲሽ፣ 20 በመቶው ኦሪየንታል፣ የቀረችው 5 በመቶ በርሊ። በርሊዋ ጣዕሙን ወፈር ታደርገዋለች እንጂ አትመታም። በርሊው ከተክሉ የታችኛው ቅጠል ከሆነ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ኒኮቲን የሚከማቸው ወደ ላይኛው ቅጠል ነው።

ፖስታ_ቤት_ጀርባ (አዳማ)
አሞራ ስለ ቅጠሉ ያለው ልክ ነው። የቦኩ ችግር ግን በአብዛኛው እርጥበት ነው። እርጥቡም ደረቁም ምላስ የሚፋጁት በተለያየ ምክንያት ነው።

እርጥቡ ሲለኮስ እሳቱ ጉልበቱን የሚጨርሰው ውኃ በማትነን ላይ ነው። ስለዚህ ይጠፋል፤ አንተ እንዳይጠፋ አጥብቀህ ትስባለህ፤ የሚመጣው ጭስ ሳይሆን እንፋሎት ነው። እንፋሎት ደግሞ ምላስ ይቀቅላል። ያ የሚንተከተከው ድምፅም ጭሱ በሚያልፍበት የፒፓው ግንድ ውስጥ ቀዝቅዞ የተጠራቀመው ውኃ ነው። ደረቁ በበኩሉ የሚያረጋጋው ነገር ስለሌለ በአንዴ ይነዳል፤ ጭሱ ሳይበርድ አፍ ይደርሳል።

ለፒፓ የሚመቸው እርጥበት ከመቶ 12 እስከ 14 ነው። ቆርቆሮ ሲታሸግ ብዙ ጊዜ 18 እና ከዚያም በላይ ይሆናል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ቁንጥር አድርገህ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሐል ተጫነውና ልቀቀው። ተጣብቆ ከቀረ እርጥብ ነው። ከተንኮሻኮሸ ደርቋል። ዝግ ብሎ ከተፍታታ ደርሷል። ቫኒላ ያለው ላይ ግን ጣትህን ሙሉ በሙሉ አትመነው። ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባል እርጥበት ያዥ ስለሚጨመርበት ቢደርቅም እርጥብ እርጥብ ይላል።

አዲሱን፣ የምታጨሰውን ያህል ብቻ (2 ግራም ገደማ) ወረቀት ላይ በትነው። የውጭ ጽሑፎች አንድ ሰዓት ይላሉ፤ አዳማ ላይ በጥርና በየካቲት ነፋስ 15 ደቂቃ ከበቂ በላይ ሊሆን ይችላል። የነፋስ ኃይል ማመንጫውን እዚህ የተከሉት ለጌጥ አይደለም። በየአምስት ደቂቃው ዳስሰው፣ ፀሐይ ላይ ግን አታውጣው።

ደረቁን ከማከምህ በፊት ትክክለኛ ክብደቱን ንገረን፤ ቆርቆሮው ሳይቆጠር። ወርቅ ቤት ሚዛን አላቸው።

ቦኩ (አዳማ)
ተመዘነ። ደረቁ 44 ግራም ነው፤ ለሙከራ ከተጨሰው አንድ ግራም በቀር ከላዩ አልተነካም፣ እሱም ሒሳቡ ውስጥ ተደምሯል። አንድ ሌላ ነገር፦ አዲሱ ሲገዛ ክዳኑ ትንሽ ተነፍቶ ነበር። ተበላሽቶ ይሆን?

ፖስታ_ቤት_ጀርባ (አዳማ)
የተነፋው ብቻውን ምልክት አይሆንም። ቆርቆሮው የታሸገው ምናልባት ባሕር ጠለል አጠገብ ነው፤ አዳማ ከ1600 ሜትር በላይ ነች፣ የውጩ አየር ግፊት ያንሳል፣ ክዳኑ ይገፋል። ዋናው ሽታው ነው። ሻጋታ ሻጋታ ካለ ወይም የሸረሪት ድር የመሰለ ጸጉር ካየህ ሙሉውን ጣለው፤ የነካውን ብቻ አንስቶ የቀረውን ማጨስ አይሆንም።

ወደ ሒሳቡ። ሲታሸግ 18 በመቶ ውኃ ነበረው እንበል። ከ50 ግራሙ 9 ግራም ውኃ፣ 41 ግራም ደረቅ ቅጠል። አሁን 44 ከሆነ የቀረው ውኃ 3 ግራም፣ ማለትም ከመቶ 7 እንኳ አይሞላም። 13 በመቶ ላይ ለማድረስ ጠቅላላው ወደ 47 ግራም መምጣት አለበት። የሚጎድልህ 3 ሚሊ ሊትር ውኃ ነው፤ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ይይዛል፣ ከግማሹ ትንሽ ከፍ ያለ መሆኑ ነው። ሰው ውኃ አርከፍክፎ የሚያበላሸው ይህችን ትንሽ መጠን ስለማይገምታት ነው።

በቀጥታ አታፍስስበት። ያልተቀባ የሸክላ ገል ፈልግ፤ የተሰበረ ጀበና ወይም ምጣድ ቁራጭ ይበቃል፣ ግን ቅባትና ጥቀርሻ ያልነካው ይሁን። ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ 15 ደቂቃ ይቀመጥ። ከላዩ በጨርቅ ይጠረግ። ትምባሆውን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የማር ጠርሙስ ውስጥ ላላ አድርገህ ክተት፤ ገሉን በትንሽ ቆርኪ ላይ አስቀምጠህ ከላይ አኑር፣ ቅጠሉን እንዳይነካ። በየ12 ሰዓቱ አንዴ አገላብጠህ መዝን። 47 ሲደርስ ገሉን አውጣና ጠርሙሱን ዘግተህ ሁለት ቀን ተወው፤ እርጥበቱ እኩል የሚዳረሰው ያኔ ነው። የብርቱካን ልጣጭ፣ የድንች ቁራጭ ምናምን የሚሉህን አትስማ፤ ሻጋታ ይዘውልህ ይመጣሉ። ሰውነቱ ይመለሳል፤ የተነነው ቫኒላ ግን አይመለስም፤ በእኔ አስተያየት ያ ጉዳት አይደለም።

ታቦር17 (ሐዋሳ)
ስለ ቫኒላው አንድ ነገር። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ማጣፈጫ ሽታ የተጨመረበት የትምባሆ ምርት አገር ውስጥ መሸጥ ክልክል ነው። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥም እንደዚያው፤ በሕዝብ መገልገያ ቤት ውስጥ ማጨስም ክልክል ነው፤ ሲጋራ ብቻ ሳይሆን ፒፓም ይጨምራል። «ለስላሳ» የሚለው ጽሑፍ ራሱ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በአንቀጽ 11 ላይ አሳሳች ብሎ ከዘረዘራቸው ቃላት አንዱ ነው፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ቃሉ አሳሳች የተባለው በምክንያት ነው፤ ለምላስ ለስላሳ የሆነ ጭስ ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር ለስላሳ አይደለም። ፒፓ ወደ ውስጥ አይሳብም ማለት አፍ አይነካም ማለት አይደለም። ይኸው ነው፤ ቀጥሉ።

አሞራ_ገደል (ሐዋሳ)
ታቦር ልክ ነው፤ የቆርቆሮ ጽሑፍ የሚያወራው ስለ ጣዕም ብቻ ነው።

ቦኩ፣ እርጥበቱ ከተስተካከለ በኋላ የሚቀረው አሞላሉና አሳሳቡ ነው። ፒፓ የሚያጨሱ ሰዎች «አንደኛው ዙር በሕፃን እጅ፣ ሁለተኛው በሴት እጅ፣ ሦስተኛው በወንድ እጅ» ይላሉ። እስከ አፉ ላላ አድርገህ በትነህ ሙላና በጣም በቀስታ ግማሽ ድረስ ዝቅ አድርገው። እንደገና ሙላ፣ ሁለት ሦስተኛ ድረስ። ሦስተኛውን ጠበቅ አድርገህ ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር በታች አቁም። ሳትለኩስ ሳበው። በስትሮ ጭማቂ እንደመጠጣት ትንሽ መያዝ አለበት። ምንም ካልያዘህ ላልቷል፣ ይግላል። ጉንጭህ ከተሰረጎደ ጠብቋል፤ አውጥተህ ከመጀመሪያው ሙላ እንጂ በሽቦ እየወጋህ አትታገለው።

ሁለት ጊዜ ነው የሚለኮሰው። የመጀመሪያው ላዩን ለማጥቆር ብቻ ነው፤ ክሩ ተነሥቶ ይቆማል፣ በመጠቅጠቂያው ክብደት ብቻ አስተኛው፣ ከዚያ እንደገና ለኩስ። የክብሪቱ ድኝ ተቃጥሎ እስኪያልቅ ጠብቅ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በሙሉ ዝግታ ነው። የፒፓውን ሆድ ጉንጭህ ላይ አስጠጋው፤ ሦስት ሴኮንድ ማስቀመጥ ካልቻልክ ግሏል፣ አስቀምጠው ይብረድ። ቢጠፋ ይጥፋ። ጠፍቶ እንደገና መለኮስ ነውር አይደለም፤ እንዳይጠፋ ብሎ መጎተት ነው ምላስ የሚልጠው። ነፋስ ላይ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ ነፋሱ ራሱ ይስብልሃል።

ሲንተከተክ የፒፓ ማጽጃ ሽቦውን እስከ ሆዱ ሥር አስገብተህ ጥቂት ያዘው፤ ውኃውን ይጠጣል። በጥርስ የሚያዘውን አፉን ከግንዱ ላይ ትኩስ ሳለ አትንቀል፤ መገጣጠሚያው ይላላል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ካጨስክ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ይረፍ፤ ብራየሩ የጠጣውን እርጥበት እስኪተፋ። ውስጡ የሚጋገረው የከሰል ሽፋን ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ሲወፍር ከእንጨቱ ይበልጥ እየተለጠጠ ግድግዳውን ይሰነጥቃል።

ቦኩ (አዳማ)
ሁለቱንም አመሰግናለሁ። ገሉ ውኃ ውስጥ ነው። ሁለት ቀሪ ጥያቄ፦ የቫኒላው ሽታ ፒፓው ላይ ቀርቷል፣ እንዴት ይለቃል? እና ገበያ ላይ ያለውን የጋያ (የውኃ ቅል) ትምባሆ በበርሊው ቦታ ትንሽ መቀላቀል ይቻላል?

ፖስታ_ቤት_ጀርባ (አዳማ)
ለሽታው፣ ሆዱን በጥጥ ሙላ። ግንዱ ውስጥ አንድ ሽቦ አስገባ፣ በጠብታ ንጹሕ ኤታኖል ጥጡ እስኪርስ ጨምርና አንድ ቀን አቁመው። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። አንዳንዶች በጨው ያደርጉታል፤ ጨው እንጨት ውስጥ ከገባ ሊሰነጥቀው ስለሚችል ጥጥ ይሻላል። አረቄ አታድርግ፣ ከግማሽ በላይ ውኃ ነው፣ እንጨቱን ያሳብጠዋል። ኤታኖሉ ጠርዙ ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ይወስደዋል። ከዚያ ቢያንስ ሦስት ቀን ይድረቅ፤ የአልኮል ሽታ ካለው አትለኩስ።

የጋያውን አትቀላቅል። ጋያ ላይ ጭሱ በቅሉ ውኃ ውስጥ አልፎ ቀዝቅዞ ነው አፍ የሚደርሰው፤ ፒፓ ላይ ያ ውኃ የለም። በዚያ ላይ በቅጡ ሳይብላላና ሳይቆይ የሚሸጥ ቅጠል አሞኒያው አልወጣለትም፤ ጠርሙስ ውስጥ ዘግተህ በማግስቱ ክዳኑን ብትከፍተው አፍንጫህን እንደ በረት ይመታሃል። እንዲያ የሚሸት ቅጠል 5 በመቶም ቢሆን የቀረውን 95 ይዞት ይሄዳል።